ኮርቻና ክብር

አማርኛ ብስክሌትን በተቀበለ ጊዜ ስሙን ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ወሰደ፤ ፔዳሉንም፣ ፍሬኑንም፣ ጎማውንም እንዲሁ። ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል ግን ከፈረስና ከበቅሎ ቤት አምጥቶ «ኮርቻ» አለው። በዚያ ላይ ተቀምጦ መሄድንም «መጋለብ» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ በቋንቋው ሚዛን ብስክሌተኛ ማለት ፈረሰኛ ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋው ያለ ስስት የሰጠውን ማዕረግ የከተማው ኅብረተሰብ እስከ ዛሬ አላጸደቀለትም። በአዲስ አበባ ጎዳና አንድ የጎለመሰ ሰው ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ከኋላው አስሮ በብስክሌት ሲያልፍ ቢታይ፣ ተመልካቹ በልቡ ከሁለት አንዱን ይጠይቃል፤ ወይ «ምን ቸግሮት ነው?» ይላል፤ ወይ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። «ወዴት እየሄደ ነው?» የሚለው ተራ ጥያቄ ለባለመኪናና ለእግረኛ የተተወ ይመስላል።

የከተማው ነዋሪ ብስክሌትን እንዲለምድ የሚሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። ለጤና ይበጃል፣ ጭስ የለውም፣ ነዳጅ አይጠጣም ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚክድ ሰው ስለሌለ፣ ምክሩ ተደጋግሞ መነገሩ ብዙ ሰው ኮርቻ ላይ አላወጣም። ስለ ጤናው ጥቅም አምኖ የተቀበለው ሰውም በማግስቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ ምክንያቱን ከምክሩ ውጭ መፈለግ ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን በቅሎ መጓጓዣ ብቻ አልነበረችም። ባለበቅሎው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አሽከሩ ጠመንጃ ተሸክሞ በእግሩ ይከተላል። ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ኮርቻው ለመንገደኛው ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባች ጊዜ ከበቅሎ ሥራ ይልቅ ፈጥና የወረሰችው የበቅሎን ክብር ነው። ሥርዓት ሲለዋወጥም ውርሱ አልተቋረጠም። መስፍኑ ወርዶ ባለሥልጣኑ ሲተካ፣ ከባለሥልጣኑም ጎን ነጋዴው ሲመጣ፣ መኪናዋ በቦታዋ ነበረች። ብስክሌት በአንጻሩ የተመደበው ከአሽከሩ ወገን ሆነ። የመሥሪያ ቤት ተላላኪ፣ ፖስታ አድራሽ፣ ከዚያም በሰዓት እየተከራየ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሕፃን ባለቤቶቹ ሆኑ። ሕፃኑ ሲያድግ ይተወዋል፤ ተላላኪውም ዕድገት ሲያገኝ ይተወዋል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች እንደሚባለው፣ በዝናብ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው እንኳ «ብስክሌት ይሻልህ ነበር» ቢሉት የዘመዱን መኪና ይጠራል።

ይህን ስሜት በግልጽ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው። በአፍ የሚቀርበው ምክንያት ዳገት ነው። ምክንያቱም ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትርና ከዚያ በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በሰሜኗ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ብስክሌተኛ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ዳሩ ግን ከተማዋ በሙሉ ቸርችል ጎዳና አይደለችም። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ያለው መንገድ ለጤነኛ እግር የሚከብድ አይደለም። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በእሑድና በበዓል ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለመኪና እየዘጋች ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ትከፍታለች። እንዲህ የሚከፈተው መንገድ ርዝመቱ ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እርግጥ ቦጎታ የተዘረጋችው በሰፊ ሜዳ ላይ ስለሆነ በዳገት ረገድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል አትቆጠርም፤ በአየሩ መሳሳት ግን ትበልጣለች። ለቀረው ዳገት ደግሞ ጊዜው መፍትሔ አምጥቷል። ጋላቢውን በባትሪ ኃይል የሚያግዝ ብስክሌት አለ፤ በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ይሞላል።

ከሁሉም በላይ፣ ጎህ ሲቀድ እንጦጦን በሩጫ የሚወጣ ሕዝብ እግሬ አልችል አለ ብሎ ማመካኘት አያምርበትም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች በዚያ ተሰልፈዋል። እንግዲህ ሁለቱ ስፖርቶች ከአገር የወጡት በአንድ ጉዞ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ሩጫ ጀግናውን አገኘ፤ ብስክሌት ግን ብዙ መጠበቅ ነበረበት። ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቢሆንም ሩጫን የሕዝብ ያደረገው ጀግናው ብቻ አልነበረም። ሯጭ ሲያልፍ «በርታ!» የሚል እግረኛ በየመንገዱ አለ። ብስክሌተኛ ሲያልፍ የሚሰማው የመኪና ጥሩምባ ነው።

በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያ ከተሞች የተለየ ትምህርት የምትሰጠው ባሕር ዳር ናት። የጣናዋ ከተማ ሜዳ መሆኗ የታወቀ ነው፤ በዘንባባ የተከበቡት ሰፋፊ ጎዳናዎቿም ለጋላቢ ይመቻሉ። ነገር ግን ሜዳ የሆነ ከተማ ሁሉ የብስክሌት ከተማ አልሆነም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በአንድ ዘመን ተከትለው ሲቋቋሙ፣ በተወሰነ ሰዓት መድረስ ያለባቸው ብዙ ሠራተኞችና ተማሪዎች ተፈጠሩ። አውቶቡሱ ጥቂት ነበር፤ ርቀቱ ግን ለእግር የሚረዝም፣ ለጎማ የሚያጥር ነበር። ብስክሌት በዚህ መካከል ገባ። ሠራተኛው ገዛ፤ ሠራተኛውን አይቶ ጸሐፊው ገዛ፤ ጸሐፊው ሲገዛ መምህሩ አላፈረም። ሴቶችም ያለ ብዙ ሐሜት ኮርቻ ላይ ወጡ፤ ቀሚስ ለለበሰች እንዲመች መካከለኛ ብረቱ ወደ ታች የወረደለት ብስክሌት በየቤቱ በር ቆሞ ይታይ ጀመር። ዛፍ ሥር ፖምፓና የውሃ ሳፋ ይዞ የሚቀመጠው ጎሚስታም ካላማዳሪ እየጠገነ ልጆቹን አሳደገ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ባለሦስት እግሩ ባጃጅ በከተማዋ በርክቶ ብዙ ጋላቢ ወስዷል። ቢሆንም በባሕር ዳር ብስክሌተኛን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ ለብስክሌተኛ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከዚያች ከተማ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ አንድ የሒሳብ መምህር ልዩነቱን በገዛ ትከሻው አውቆታል። መምህሩ በባሕር ዳር ባስተማረባቸው ዓመታት ከቤቱ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ስለነበረ፣ ሲዛወር ከዕቃው ሁሉ በላይ አስጭኖ አመጣት። አዲሱ ትምህርት ቤት ከተከራየው ቤት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱን በሃያ አምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ በዚያው አቅጣጫ የሚመጡ ባልደረቦቹ በታክሲ ሰልፍ ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያጠፋሉ። በሁለተኛው ሳምንት የግቢው ዘበኛ፣ «ጋሼ፣ እዚህ የሚቆመው መኪና ነው፤ እሷን ከአጥሩ ውጭ ቢያስሯት ይሻላል» አለው። በሦስተኛው ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ባልደረባው፣ ለክፋት ሳይሆን ለጨዋታ፣ «መምህር፣ የዚህ ወር ደመወዝ አልደረስዎትም እንዴ?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። ተማሪዎችም «ፖስታው» የሚል ስም አወጡለት። መምህሩ ይህን ሁሉ ቻለ። አንድ ማለዳ ግን አንድ የጭነት መኪና አጠገቡ ሲያልፍ የጎን መስታወቱ ትከሻውን መትቶ ከቦይ ውስጥ ጣለው። አጥንቱ አልተሰበረም። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ አቧራውን እያራገፈለት፣ ከልቡ አዝኖ፣ «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፤ ግን እርስዎን የመሰለ ሰው እዚህ መሐል ምን ይሠራል?» አለው። ብስክሌቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅላ ቀረች።

የሾፌሩ ጥያቄ ሁለት ነገር ይዟል። «እርስዎን የመሰለ ሰው» የሚለው ስለ ክብር ነው፤ «እዚህ መሐል» የሚለው ስለ መንገድ ነው። ሰውየው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰሩ የከተማውን አስተሳሰብ ከብዙ ጥናት ይልቅ ይገልጸዋል። አንዱን ብቻ ለመፍታት የተሞከረባቸው አገሮች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቁመው የአብዮቱን ዋዜማ ካደመቁት ወገኖች አንዱ ሆኑ። ያው የነዳጅ ችግር ኔዘርላንድስ ሲደርስ መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ አገደ፤ ሕዝቡም ባዶውን አውራ ጎዳና በብስክሌትና በእግር ሞላው። ብዙዎች ኔዘርላንድሳውያን ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ብስክሌተኛ የሆኑ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በዚያም አገር ነግሦ፣ ብስክሌት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ፣ ሠፈር እየፈረሰ ሰፋፊ መንገድ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ስም ይዘው ተነሱ፤ መንገድ ላይ ተቀመጡ፤ ማዘጋጃ ቤቶችን ወጥረው ያዙ። የነዳጁ ችግር ጥቂት ወራት ቆይቶ ሲያልፍ የወላጆቹ ጥያቄ አላለፈም ነበር። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ሕዝቡ የጠየቀውም ከብስክሌት አስቀድሞ የልጆቹን ሕይወት ነበር።

የኩባ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ይነገራል። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጁ በነጠፈ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኩባ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ከቻይና አስመጣች። ሐኪሙም፣ ወዝአደሩም፣ ካድሬውም ፔዳል መታ። ነገር ግን ዘመኑ የእጦት ዘመን ስለነበረ ብስክሌቱ የእጦት ምልክት ሆኖ በሕዝቡ ልብ ተመዘገበ፤ ነዳጅ ጥቂት ጥቂት ሲመለስ ብዙው ሰው ያለ ጸጸት ተወው። ትእዛዝና ችግር ሰውን ኮርቻ ላይ ሊያወጡት ይችላሉ፤ በዚያ የሚያቆዩት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል ይህን ማስታወስ ይገባል፤ የመኪና መወደድ ብቻውን ብስክሌተኛ አይፈጥርም።

በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት የተጀመረው ሥራ በመንገዱ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በእሑድ ቀን ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ መከፈት ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ መጓጓዣን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከሰፋው የእግረኛ መንገድ ጎን የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዕለት ጉዞውን በእግሩ በሚፈጽምበት ከተማ ለሰው እግር ቦታ መለቀቁ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። ሆኖም መስመሩ በቀለም ያማረውን ያህል በጉዞ አልተፈተነም። ብስክሌተኛው ከአደባባይ ሲደርስ መስመሩ ድንገት ጠፍቶ ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር ይቀላቅለዋል፤ ትልቁ አደጋ ያለው ደግሞ እዚያው አደባባዩ ላይ ነው። በሌላ ሥፍራ እግረኛ፣ ወይም ለአንድ አፍታ ብሎ የቆመ መኪና ይዞታል። ከሁሉም የሚያሳስበው መስመሩ የሚያምረው በመሐል ከተማ ሲሆን፣ ማለዳ ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን የሚኖረው በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ መሆኑ ነው። መስመሩ ወደነዚህ ሠፈሮች እስካልደረሰ ድረስ የሚያገለግለው የእሑድ ተዝናኚን ነው። ተዝናኚው አይናቅም፤ ዳሩ ግን ከተማን የሚለውጠው የሰኞው ጋላቢ ነው።

በክብሩ በኩል ያለውን ሥራ ማዘጋጃ ቤት ሊሠራው አይችልም። ይህ በከፊል የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ነው። ጣሊያናዊው የፊልም አዘጋጅ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ፣ የሮም ሥራ ፈት የሆነ አባት ማስታወቂያ እየለጠፈ እንዲያድር ብስክሌት ያስፈልገዋል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታወጣለታለች፤ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ይሰረቅበታል። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ ከአባትና ከልጅ ጋር ከተማውን ሲዞር ይውላል፤ ለዚያች ብረት ይጨነቃል። በፊልሙ ውስጥ ብስክሌት የድህነት ምልክት አይደለም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የሰው ልጅ እንጀራና ማዕረግ በሁለት ጎማ ላይ ቆሞ ስለታየ ማንም አይስቅበትም። በእኛ መድረክና በእኛ ድራማ ብስክሌት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለማሳቅ ነው፤ ሀብታሙ ገጸ ባሕርይ መኪናውን እያስነሳ ይወጣል፣ ሞኙ ገጸ ባሕርይ ከብስክሌት ይወድቃል። ደራሲው ሐኪሟን በብስክሌት ወደ ሥራ ቢልካት፣ ስለ ብስክሌቱም አንድ ቃል ሳያናግራት ታሪኩን ቢቀጥል፣ ከአንድ መቶ መፈክር የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር።

ሐኪሟ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ብስክሌት የምትጋልብ ሴት የወንዱን ሁሉ ችግር ትሸከምና ተጨማሪ ይጣልባታል፤ ከእግረኛ መንገድ ቃል ይወረወርባታል፣ ከመኪና መስኮት ጭብጨባ ይከተላታል። ብዙዎቹ ሴቶች ግን እዚህም አይደርሱም፤ በልጅነታቸው የተማሩት ወንድሞቻቸው ናቸው። ወንድ ልጅ በሠፈር ሜዳ ወድቆ ተነስቶ ሲለምድ፣ እህቱ ጉልበትሽ ይላጣል ተብላ ተከልክላለች። በዚህ ላይ ትምህርት ቤት ሊደርስ የሚችለው ብዙ ነው። ኳስና ሩጫ የሚያስተምር የስፖርት መምህር ሁለት ሦስት አሮጌ ብስክሌቶች ቢሰጡት፣ አንድን ክፍል በሙሉ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት ማስለመድ አይሳነውም። ሚዛኑ አንዴ ከተገኘ አይጠፋም፤ በሠላሳ ዓመትም በሃምሳ ዓመትም ያው ነው።

የቀረው ነገር ትንሽ የሚመስል ነው። መምህሩን ዘበኛው ከአጥር ውጭ እሰራት ያለው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ በግቢው ለብስክሌት ተብሎ የተሰየመ ቦታ ስላልነበረ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቴአትር ቤቱ ደጃፍ ለመኪና የተሰመረ ነጭ መስመር አለ፤ ብስክሌቱን ይዞ ትርኢት ሊያይ የመጣ ሰው ግን ከኤሌክትሪክ እንጨት ጋር አስሮ፣ ግማሽ ልቡን ውጭ ትቶ ይገባል። ብረት በያጅ ከጥቂት ቧንቧ በግማሽ ቀን የሚሠራው ማቆሚያ፣ ለአንድ መኪና በተለቀቀው ቦታ ላይ ዐሥር ያህል ብስክሌት ይይዛል። ከጥበቃው ጎጆ ፊት ለፊት ቢተከል፣ ዘበኛው ወንበሩን ሳይለቅ ያየዋል።